የማይረክሰው ገንዘብ

ጁባ ውስጥ «በጎ ፈቃደኞቻችን ለምን ይጠፋሉ?» የሚል ዐውደ ጥናት ሲጠራ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጥያቄው ሁልጊዜ የሚነሣው ነጭ ዓባይ ዳር፣ ቅዝቃዜው ሹራብ በሚያስለብስ የሆቴል አዳራሽ ነው። ጠያቂው አበል አለው፤ ሾፌሩም አለው። አበል የሌለው ቤት ለቤት እየዞረ ስለ ኮሌራና ወባ የሚያስተምረው ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ አልተጋበዘም።

ለነገሩ መፍትሔው ተገኝቷል፦ ቲሸርትና ሰርተፍኬት።

እኔ ሰርተፍኬቱን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ ስትወጣ አንድ ዶላር በ3 ፓውንድ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ዛሬ በሺዎች ሆኗል። «ከልብ እናመሰግናለን» ግን ያኔም ከልብ ነበር፣ ዛሬም ከልብ ነው። ታዲያ ማዕከላዊ ባንኩ ምን ይጠብቃል? ፓውንዱን ሰብስቦ ሰርተፍኬት ያሳትም እንጂ! የኮኞኮኞ ገበያዋ ማሽላ ሻጭ «ስንት ነው?» ስትባል «ሁለት የእጅ መታጠብ፣ ወይም አንድ የአጎበር» ትላለች። ዝርዝር ካጣች የቲሸርት እጅጌ ቀዳ ትመልሳለች። የጉዴሌ ሰፈር አከራይ ቅድመ ክፍያውን በማኅተም ይቀበላል፤ ማኅተሙ የደበዘዘውን መንዛሪዎች በግማሽ ይወስዱታል። በውኃ ቦቴ የሚተዳደሩት ያገራችን ልጆች በርሜሉን በአንድ የአድናቆት ደብዳቤ ይሞላሉ። ከዚያ ፎርጅድ ይመጣል፤ ሌሊት ሌሊት «የላቀ ተሳትፎ» የሚያትም ወንበዴ ይያዛል፣ ዳኛውም ስድስት ወር በበጎ ፈቃድ እንዲያገለግል ይፈርድበታል። ይህ ከእስር ይከብዳል፤ እስር ቤት ቢያንስ ምግብ አለ።

የበጎ ፈቃደኞቹ መሄድም በረከት አለው፤ የሄደው በአዲስ ይተካል፣ አዲሱ ሥልጠና ይሻል፣ ሥልጠናው አዳራሽ ይሻል።

እኛ ኢትዮጵያውያንም ብንሆን አንታማም። አገር ቤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደመወዝተኛ ናት፤ ከሥሯ ያለችው የመንደር በጎ ፈቃደኛ ግን ደመወዟ ምርቃት ነው።

ደቡብ ሱዳን ውስጥ ኮሌራ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 መጨረሻ በይፋ ሲታወጅ «ውኃውን ክሎሪን ጨምሩበት» እያሉ በየሰፈሩ የዞሩት እነዚሁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ባዶ ሆዱን ሲዞር የዋለ ልጅ ነገ ቦዳቦዳ (የሞተር ታክሲ) ቢነዳ ከዳ አይባልም። ሥራ ነው የሠራው፤ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ለሥራቸው ክብደትና ለሰዓታቸው የሚመጥን ክፍያ እንዲያገኙ መክሯል። ይህን ለማወቅ ሌላ ዐውደ ጥናት አያስፈልግም።

አንባቢ ሆይ፣ ለሚቀጥለው ከተጋበዝህ ግን የአበል መዝገቡን ከመፈረምህ በፊት አንድ ጊዜ እጅህን አውጣና የልጁ ስም ስንተኛ ተራ ላይ እንዳለ ጠይቅልን።