ይቀራል ወይስ ይመለሳል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ አጎቴ፣ ሰበታ

 

ልጅዎ ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሚመጣበት ቪዛ ቤተሰቡን ማከራከሩን ሰማሁ። ሰበታ «በጉብኝት ይውጣ» ብላለች። ቡራዩ ያለችው አክስቴ ዲቪ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። የሱሉልታ ዘመድ በሯጭነት ይሂድ ባይ ነው። መንግሥት በ2015 ሦስቱን ከተሞች ከሌሎች ጋር ሸገር ብሎ አንድ አደረጋቸው፤ በቪዛ ነገር ግን ገና አልተዋሐዱም።

የስፖርተኛ ቪዛ መኖሩስ አለ፤ የሚሰጠው ግን በዓለም አቀፍ ደረጃ ለታወቀ ሰው ነው። ሱሉልታ ሄዶ አትሌት ሲሮጥ ማየት አይቆጠርም። ልጁ እንደሁ ታክሲ ሲያመልጠው እንኳ አይሮጥም።

ለዲቪ ሕጉ በዓመት ለዓለም ሁሉ የመደበው 55,000 ቪዛ ነው፤ ዕጣ ነውና ሥራ ፈትቶ አይጠበቅም። አክስቴ ካሁኑ ያጨችለትን «የዲቪ ሚስት» ግን ያስቀሩልኝ። ቆንስሉ ስለ ሠርጉ ቢጠይቅ ሁለቱም የየራሳቸውን ሠርግ ነው የሚያወሩት።

ወደ ጉብኝቱ ስመጣ፣ ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን እስከ መቼ መግባት እንደሚቻል ነው የሚናገረው። የመቆያውን ልክ የሚቆርጠው አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ሹም ነው፤ ለጎብኚ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይሰጣል። ሥራ ክልክል ነው። አራት ዓመት ሊማር የሚመጣ ልጅ በጉብኝት ምን ያደርጋል?

የተማሪውን ይያዝ። ኮሌጁ አይ-20 የሚሉትን ወረቀት ይልክለታል፤ ሴቪስ ለተባለው መዝገብ 350 ዶላር ይከፍላል፤ ወጪውን የሚሸፍን የባንክ ማስረጃም ያቀርባል። በትምህርት ወቅት የሚሠራው ግቢ ውስጥ፣ ያውም በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ስለዚህ «በወሩ ዶላር ይልካል» የሚለውን ይርሱት።

ዋናው ጣጣ ወዲህ ነው። ሕጉ ተማሪውንም ጎብኚውንም ገና ከመነሻው «ይህ ሰው ሊቀር ነው» ብሎ ይጠረጥራል፤ እንደሚመለስ ማስረዳት የአመልካቹ ዕዳ ነው። እርስዎ ግን መኝታ ክፍሉን አከራይተዋል አሉ! ዕድሩም መሸኛ አዋጥቷል። ቆንስሉ «ስትመለስ የት ትኖራለህ?» ቢለው ልጁ ምን ይበል? ተከራዩን በደህና ቃል ያስወጡልኝ።

አክስቴም እንጦጦ መንገድ፣ ኤምባሲው በር ድረስ ልሸኘው ብላለች አሉ። እባክዎ በዚያን ቀን ከቡራዩ እንዳትወጣ ያድርጉ። ድምፅዋን ያውቁታል፤ በሩ ላይ ቆማ «ጌታዬ፣ በዚያው አስቀርልኝ» ብላ ከተሳለች መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ይሰማታል።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ