የአንድ እግር ካልሲ ጥናት

ካልሲ ሰራቂ ቡችላ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በዙሪያቸው ባሉ የቡና ቀበሌዎች ብዙ ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው በዘበኝነት ነው። እሸት ቡና ተለቅሞ አልጋ ላይ ከተሰጣ አንስቶ ጀንፈል ሆኖ ጆንያ እስኪገባ ሁለት ሦስት ሳምንት ያልፋል፤ በዚህ መሀል የሚያንቀላፋ ባለቤት እንጂ የሚያንቀላፋ ሌባ አይገኝም። ስለዚህ ባለቡናው ከጎረቤት አንድ ቡችላ ለምኖ ያመጣል። ስሙንም ቦቢ ወይም ጃክ፣ ተስፋው ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ አንበሴ ይለዋል። አንበሴ ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ከግቢው የመጀመሪያው ንብረት ይጠፋል። የጠፋው ቡና አይደለም።

ስዊድናዊው ሊቅ ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ውሻን «ካኒስ ፋሚሊያሪስ» ብሎ ሰይሞታል፤ ሁለተኛው ቃል የቤት፣ የቤተሰብ ማለት ነው። ሊቁ የቤተሰቡን ካልሲ ጭምር ማለቱ ይሁን አይሁን አላብራራም። የማከማቸቱ ጠባይ ግን ከውሻ በፊት የነበረ ነው። ተኩላዎች ከጠገቡ በኋላ የተረፋቸውን ሥጋ ይቀብራሉ፤ የሰሜንና የባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮም ያደነውን አይጥ ለነገ ብሎ አፈር ያለብሰዋል። «ቀበሮ» እና «ቀበረ» መመሳሰላቸው ለሥነ ልሳን በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ ቡችላን ለመክሰስ ግን ይጠቅማል።

ጠባዩ የሚብሰው ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ወር ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ወራት 28ቱ የወተት ጥርሶች ወልቀው በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ፤ ድድ ያሳክካል፤ ለስለስ ብሎ የሚታኘክ ነገር ይፈለጋል። አጥንት ለዚህ አይሆንም፤ ደግሞም በየቀኑ አይገኝም። ካልሲ ግን በየቀኑ ይወልቃል። ሽታም አለው። ሰው በአፍንጫው ውስጥ 6 ሚሊዮን ገደማ የሽታ ተቀባይ ሲኖረው የውሻው ከ200 ሚሊዮን ይበልጣል፤ የሰው እግር ደግሞ ላብ በብዛት ከሚያመነጩት የአካል ክፍሎች አንዱ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቦቲ ውስጥ የዋለ ካልሲ ለቡችላው ጨርቅ አይደለም፤ አባወራው ራሱ ነው፣ ታጥፎ። ከቤቱ ሰው ሁሉ ብዙ ካልሲ የሚጠፋበትም ቡችላው አብልጦ የሚወደው ሰው ነው። ይህን ለተጎጂው በጠዋት ማስረዳት አይመከርም።

አገሩም ለሥራው የተመቸ ነው። አካባቢው በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ ጭቃውም ቤት እንዲገባ የሚፈቅድለት እማወራ የለም። ስለዚህ የቤተሰቡ ጫማ በሙሉ በረንዳ ላይ ያድራል። ልብስም ፀሐይ እስኪመጣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በተወጠረ ገመድ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይከርማል። ውሃ የጠጣ ጋቢ ከባድ ነው፤ ገመዱን ጎትቶ መሀሉን ያረግበዋል። በሌላ አገር ሌባ ወደ ዕቃው ይሄዳል፤ እዚህ ዕቃው ወደ ሌባው ይወርዳል።

አሠራሩ አንድ ዓይነት ነው። ቡችላው ከገመዱ ሥር ቁጭ ይላል፤ ጆሮውን የሚያክ መስሎ ሰው መኖር አለመኖሩን ያያል፤ ሰው ከሌለ አንዴ ዘሎ የካልሲዋን ጫፍ ይነክሳል። መቆንጠጫው ጧ ብሎ ይዘላል። ካልሲዋ እንዳታደናቅፈው አንገቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ፣ ጭራውን እንደ ባንዲራ አቁሞ በእንሰቱ መሀል ይሮጣል። አሥር እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ ቆሞ ወደ ኋላ ይመለከታል፤ የሚያሳድደው ካጣ ቅር ይለዋል። «ያዙት! ይሄ ሌባ!» የሚለው ጩኸት ለሰው ክስ ነው፤ ለቡችላው ግን የጨዋታው መጀመሪያ።

ከሚወሰዱት ዕቃዎች ዋናው ነጠላ ጫማ ነው። ይህ ጫማ ስሙ ነጠላ ቢሆንም ከሱቅ የሚገዛው በጥንድ ነው፤ ስሙን ከግብሩ ጋር ያስማማው ቡችላ ብቻ ነው። ሁለቱንም እግር የሚወስድበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አንዱን ሲወስድ ሁለቱም እንደሚጠፉ የገባው ይመስላል። ቦቲ ስለሚከብደው ግቢው መሀል ላይ ይተወዋል፤ እዚያም ዝናብ ይሞላዋል። ከነጠላ የሚፈልገው ጥለቱን ነው። የውስጥ ልብስ ግን ልዩ ሥርዓት አለው፤ ይህኛው አይደበቅም። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ አቦል ሲቀዳ በአፉ ይዞት ገብቶ ከረከቦቱ አጠገብ ያኖረዋል። በዚያ ሰዓት የሚናገር ሰው የለም፤ ጀበናው ብቻ ይንተከተካል።

ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ልጆች ናቸው። ቀጥሎ ነፋስ፣ ከዚያ የቀን ሠራተኛ፣ በመጨረሻም አጥሩን የሚጋራው ጎረቤት። ዘበኛው አይጠረጠርም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለው ተረትም ቢሆን የቀደደው ምን እንደሆነ አይናገርም።

በሕግ ረገድ ጉዳዩ የተወሳሰበ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን ሲደነግግ ወሳጁ ሊበለጽግ ማሰቡን ይጠይቃል፤ በአንድ እግር ካልሲ የበለጸገ የለም። አንቀጽ 52 ደግሞ 9 ዓመት ያልሞላውን በወንጀል አይጠይቅም፤ አንበሴ ገና አራት ወሩ ነው። የቀረው ፍትሐ ብሔር ነው። የ1952ቱ ሕግ በአንቀጽ 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ራሱ ጥፋት የሌለበት ባለቤት ግን እንስሳውን ለተጎጂው ለቆ ከኃላፊነት ሊወጣ ይችላል። ይህ ሐሳብ ሲቀርብለት ጎረቤት ብዙውን ጊዜ ጫማውን ይምራል።

ማሳደድና መጮህ ጨዋታውን ያደምቀዋል እንጂ ዕቃ አያስመልስም። የሚሠራው ልውውጥ ነው፦ የዳቦ ቁራሽ ሲታየው ካልሲውን ይተፋል። ችግሩ ቡችላው ዋጋውን ቶሎ መልመዱ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ሲርበው ካልሲ ይዞ ወደ ማዕድ ቤት ይመጣል። አንድ ነገር ግን ቀልድ አይደለም፦ የተዋጠ ካልሲ አንጀት ይዘጋል። የሚያስመልሰውና ምግብ እምቢ ያለ ቡችላ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለበት።

ክምችቱ የሚገኘው በፍለጋ አይደለም። ቡናው ጆንያ ገብቶ የማድረቂያው አልጋ ሲነሳ ከሥሩ የተቆፈረ ጉድጓድ ይወጣል፤ በውስጡም አምስት ካልሲ፣ የሕፃን ቆብ፣ ግማሽ ጓንት፣ ጥርስ የበሳው ነጠላ ጫማ፣ በላያቸውም የተኛ ዘበኛ ይገኛል። ቡናው አንድ ፍሬ አልጎደለም። የነጠላ ጫማው ባለቤት ግን የቀረውን እግር በኅዳር ጥሎ አዲስ ጥንድ ገዝቷል፤ ስለዚህ አሁን ሦስት ጫማ አለው።