የእትዬ ነጠላና ማጂክ ዋንድ

ፎቶ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ "አንዴ ጫን አድርገህ አውጣልኝ" የምትባለዋን። ደንበኛ ዘንድ ፎቶሾፕ ማለት ከወተት ላይ ዝንብ እንደ ማንሣት ነው።

እትዬም እንዲሁ ነው ያሉኝ። ያመጡት በስልሳዎቹ የተነሡትን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው፤ እሳቸው ነጠላ ደርበው፣ ባለቤታቸው አፍሯቸውን ነፍተው፣ ከጎን ደግሞ አንድ ረጅም ሰውዬ።

"ይሄን አውጣውና እኔንና ባሌን ፋሲል ግንብ ፊት አቁምልኝ። ጎንደር እወስድሻለሁ ሲል ሲል ነው የሞተብኝ።"

"ሰውየው ማን ናቸው?"

"ወንድሙ ነው። ውርስ ስንካፈል ያሳየኝን እኔና እግዜር ነን የምናውቀው።"

ሌላ አልጠየቅኩም። ስካን አደረግኩና ማጂክ ዋንድ፣ ማለትም የፎቶሾፕን "የአስማት በትር" አነሣሁ። ይህ መሣሪያ ሰውና ግድግዳ አይለይም፤ የነካህበትን ቀለም የሚመስል፣ ተያይዞ ያለውን ፒክሰል ሁሉ ይሰበስባል። ግድግዳው ነጭ፣ ነጠላውም ነጭ። ጫን፣ ዴሊት፤ እትዬ ከአንገታቸው በታች የሉም! ጥለቱ ብቻውን አየር ላይ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተዘርግቷል። ቶለራንሱን ከ32 ወደ 8 ባወርደው ነጠላው ተመለሰ፤ ግድግዳውም እየተቦጫጨቀ አብሮት መጣ።

ፎቶሾፕን የፈጠሩት ወንድማማቾቹ ቶማስና ጆን ኖል ናቸው። ለማሳያ ይጠቀሙበት የነበረው ፎቶ ጆን በ1987 እ.ኤ.አ. ቦራ ቦራ ባሕር ዳርቻ ላይ ያነሣት የፍቅረኛው የጄኒፈር ነው። ጄኒፈር የዚያን ዕለት ነጠላ ደርባ ቢሆን ኖሮ ያንን ዋንድ "አስማት" ብለው ለመጥራት ባልደፈሩ ነበር።

ወደ ፔን ቱል ዞርኩ። ነጥብ በነጥብ፣ እጥፋት በእጥፋት፤ ነጠላው ብቻ አንድ ከሰዓት በላ። ከዚያ አፍሮው። አፍሮ በፔን አይቆረጥም፤ ከቆረጥከው ሰውየው ድፎ ዳቦ የተሸከሙ ይመስላሉ። ማስክ ሠርቼ ዙሪያውን በቀጭን ብሩሽ፣ ጸጉር በጸጉር አበጠርኩት። የራሴን እንኳ እንደዚያ አበጥሬ አላውቅም።

ወንድምየውን ሳወጣቸው ደግሞ ጣታቸው ቀረ። አራት ጣት፣ የሟች ትከሻ ላይ። በክሎን ስታምፕ ከኮቱ ሌላ ቦታ እየቀዳሁ፣ እንደ ልብስ ሰፊ ጥፌ ሸፈንኳቸው። ፋሲልንም ጥቁርና ነጭ አደረግኩና ከኋላ አስገባሁ።

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ቆዩ።

"ምነው ባሌን አሰከርከው?"

እውነትም። ለካ ወንድማቸውን ተደግፈው ኖሯል የተነሡት! አሁን ወደ ቀኝ ዘመም ብለው፣ የያዛቸው ሳይኖር፣ ፋሲል ፊት ሊወድቁ ነው።

"ወንድማቸውን ልመልሳቸው?"

"እኔ ቆሜ? አታደርገውም!"

"ታዲያ በምን ላስደግፋቸው?"

"አንተ ልጅ፣ ያን የሚያህል ግንብ ከጀርባው ገትረህ የሚደገፈው አጣህለት?"