ለአንድ ድራማ የተቀመጠ ሽምግልና

ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በውርስ ሲካሰሱ፣ ዕቁብተኞች በገንዘብ ሲካካዱ ለሽምግልና ተቀምጫለሁ። በቴሌቪዥን ድራማ የተኳረፉ እናትና ልጅ ግን ገጥመውኝ አያውቁም ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 2022 አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ የልጅቷ የክርስትና እናት ደወለችልኝ። «ቤቱ ሊታመስ ነው፤ ሻምበልን ይዘህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቶሎ ድረስልኝ» አለች። ሻምበል ጡረታ የወጡ የጦር መኮንን ናቸው፤ በአካባቢያችን እሳቸው ያልገቡበት ዕርቅ አይጸናም ይባላል። ደወልኩላቸው፤ ሁለታችንም በየመኪናችን በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ በሜሪላንድ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድን።

ጠቡ እንዲህ ነው። እናትየዋ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሽፍት የምትሠራ ነርስ ናት፤ ልጇ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናት አንድ ሌሊት ከሥራ ቀደም ብላ ስትገባ ልጅቷ ብርድ ልብስ ተከናንባ በስልኳ «ዩፎሪያ» የሚባለውን ድራማ ስታይ ታገኛታለች። በዐይኗ ቆብ ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ፈርጦች ተለጥፈዋል፤ የድራማው ልጆች የሚኳኳሉት እንደዚያ ነው። እናት ያን ብልጭልጭ ስታይ ልጄ አመለጠችኝ አለች። ስልኩን ቀማች፣ ኢንተርኔቱን ዘጋች። ልጅ በበኩሏ ከእናቷ ጋር ማዕድ አልቆርስም አለች።

ላላየው አንባቢ ድራማውን ላስተዋውቅ። «ዩፎሪያ» በኤች.ቢ.ኦ. መታየት የጀመረው በጁን 2019 ነው። መነሻው በ2012 በእስራኤል የታየ በዚሁ ስም የሚጠራ ድራማ ሲሆን፣ አሜሪካዊውን የጻፈው ሳም ሌቪንሰን በወጣትነቱ እሱ ራሱ የሱስ ተጠቂ እንደነበረ በአደባባይ ተናግሯል። ዋናዋ ባለታሪክ ሩ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ በካንሰር ሲያልፍ ያስታመመችው እሷ ነበረች፤ ዕፅ መውሰድ የጀመረችውም ከእሱ የሕመም ማስታገሻ ነው። መጠን ያለፈ ዕፅ ወስዳ ወድቃ ያገኘቻት ታናሽ እህቷ ጂያ ናት። ታሪኩ ሲጀምር ሩ ከማገገሚያ ወጥታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ የመተው ሐሳብ ግን የላትም። ሩን የምትጫወተው ዘንዳያ በ2020 በ24 ዓመቷ ኤሚን ስትወስድ በድራማ መሪ ተዋናይትነት ከተሸለሙት ሁሉ በዕድሜ ትንሿ ሆነች። ሁለተኛው ምዕራፍ ለእያንዳንዱ ክፍል በአማካይ ከ16 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አግኝቷል። ስለዚህ የዚያች እናትና የዚያች ልጅ ጠብ በስንት ሳሎን እንደተነሳ መገመት አይከብድም።

ጠቡ የሳሎን ብቻም አልነበረም። ሁለተኛው ምዕራፍ በጃንዋሪ 2022 ሲጀምር፣ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚያስተምረው ዴር የተባለ ድርጅት ድራማው የተማሪዎችን ሱሰኝነት ያስውባል ብሎ መግለጫ አወጣ። ዘንዳያም ምዕራፉ ከመጀመሩ በፊት ድራማው ለአዋቂዎች የተሠራ መሆኑንና ለማየት የሚከብዱ ነገሮች እንዳሉበት ጽፋ ተመልካቹን አስጠንቅቃለች። ዴር በ1983 በሎስ አንጀለስ የተመሠረተ፣ ፖሊሶችን ወደ ክፍል እያስገባ «እንቢ በሉ» ሲል የኖረ ነው። በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ያ የቀድሞ ትምህርቱ ልጆቹን ከዕፅ እንዳላራቀ ስላሳዩ በኋላ ሥርዓተ ትምህርቱን ለውጧል። በሌላ ወገን ደግሞ ከሱስ የወጡ ሰዎች «የኛን ገመና ሳይሸፋፍን ያሳየ» ብለው ለድራማው ቆሙለት።

ወደ ሽምግልናው ልመለስ። ቡናው ተፈልቶ ፈንዲሻው ቀርቦ ሁለቱም ክሳቸውን ከተናገሩ በኋላ ሻምበል «ያላየሁትን አልፈርድም፤ ይከፈት» አሉ። እናት የዘጋችውን ኢንተርኔት ለጊዜው ከፈተች፤ የድራማውን የይለፍ ቃል የምታውቀው ግን ልጅቷ ብቻ ስለነበረች የተከሰሰችበትን ማስረጃ የከፈተችው እሷው ሆነች። የመረጠችው በፌብሩዋሪ 6 የወጣውን ክፍል ነው።

በዚያ ክፍል ሩ ሻንጣ ሙሉ ዕፅ ጠፍቶባታል፤ ሻንጣው የአሥር ሺህ ዶላር ዕዳ አለበት። ሀራራው ሰውነቷን ይዞታል። በር ትሰብራለች፣ እናቷን የማይባል ትሰድባለች፣ መልሳ እግሯ ሥር ትወድቃለች። በመኪና ይዘዋት ሲሄዱ ወዴት እየተወሰደች እንደሆነ ስታውቅ በሩን ከፍታ በሚበሩ መኪኖች መሐል ትሮጣለች። በዚያን ጊዜ እኔ ዘወር ብዬ እናትየዋን አየኋት። ስኒዋን እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። ልጅቷም ቴሌቪዥኑን ትታ እናቷን ታያለች።

ሩ ሸሽታ ዕፅ ሻጩ ፌዝኮ ቤት ስትደርስ ሻምበል ከመቀመጫቸው ተነሱ። ፌዝኮ በድራማው ለስላሳ አንደበት ያለው፣ አያቱን የሚያስታምም፣ ልጅቷንም እንደ እህቱ የሚያይ ሰው ነው። «ልጅ የሚገድል ነጋዴ እንዴት ደግ ሆኖ ይታያል?» አሉ ሻምበል። የክርስትና እናትየዋ «ዛሬ እኮ አባረራት፤ ይጨርሱት እንጂ» ብትላቸውም አልሰሟትም። «እኔ በዚህ አልፈርድም» ብለው ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። ጥቂት ቆይተው በሩን አንኳኩ። ፊታቸው ተለዋውጧል። «መኪናዬ የለችም» አሉ።

ቶው ተደርጋለች። የአፓርታማው የእንግዳ ፓርኪንግ ወረቀት ሰው ሳያስታውሰው ሳሎን ውስጥ ቀርቷል። በዲሲ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ይህን ጉድ ያውቀዋል፤ መኪናው ከከተማ ዳር ግቢ ውስጥ ይቆለፍበታል፣ ካልከፈሉም አይለቀቅም። የእኔ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ፒክአፕ ስለሆነች ሁላችንም በእናትየዋ መኪና ተሳፈርን፤ ልጅቷ በእኔና በክርስትና እናቷ መካከል ተቀመጠች። አሁን ካፖርቱን ደርቦ የሚወጣ ሰው አልነበረም፤ የዕለቱ ትልቅ ነገር የተነገረውም እዚያ መኪና ውስጥ ነው።

ቀድማ የተናገረችው እናት ናት። በመጦሪያው ሽፍት ሲቀያየር ገቢዋና ወጪዋ ነርስ ቁልፍ ያለውን መሳቢያ ከፍተው የሕመም ማስታገሻውን ክኒን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። አንዲት ክኒን ከጎደለች እስክትገኝ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። «እኔ ክኒን ቆጥሬ የማድር ሰው ነኝ» አለች መሪውን ጭብጥ አድርጋ። «እዚያ ልጆቹ እንደ ቆሎ ሲበትኑት፣ ሙዚቃ ሲለቀቅበት፣ መብራት ሲያምርበት አያለሁ። ልጄን በምን ቆጥሬ፣ ለማን ፈርሜ ነው የማስረክበው?»

ልጅቷ ዝም ብላ ቆየች። አማርኛዋ ቀስ ይላል እንጂ አይሰበርም። «እማዬ፣ እኔ የማየው ሩን አይደለም» አለች። «ጂያን ነው። ጓደኛዬ ጂያ ናት።» ከዚያ የጓደኛዋን ነገር ነገረችን። የጓደኛዋ ወንድም በሱስ ታሟል፤ ወላጆቹ ለሰው የሚሉት ግን አገር ቤት ሊጠይቅ ሄዷል ነው። እህቱ ትምህርት ቤት መጥታ ያንኑ ትደግማለች፤ ማታ ደግሞ ለዚህች ልጅ ትደውልና ታለቅሳለች። «ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። ጂያ በሩ ሥር ቆማ ስትሰማ ሳያት ገባኝ» አለች። የክርስትና እናቷ እጇን ያዘቻት። ሻምበልም ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ቃል አልተናገሩም።

ያን ቤተሰብ አልነቅፍም። እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ጸበል ወይም ወደ አገር ቤት መላክንም አልቃወምም፤ ጸበልን አምናለሁ፤ የአገር ቤት ዘመድ እቅፍም ያድናል። ነገር ግን በሽታው ስም ሲነፈገው ሕፃናቱ ብቻቸውን ይሸከሙታል። ድራማውን አይተን አንድ ዓይነት ፍርድ ያልሰጠነው ለምን እንደሆነ እዚያ መኪና ውስጥ ግልጽ ሆነልኝ። እናት የምታየው ሌስሊን፣ የሩን እናት ነው። ሻምበል የሚያዩት ሻጩን ነው። ልጅቷ የምታየው እህትየዋን ነው። እኔን የያዘኝ ደግሞ ኮልማን ዶሚንጎ የሚጫወተው አሊ ነው፤ በዲሴምበር 2020 በወጣው ልዩ ክፍል በገና ዋዜማ ከሩ ጋር ምግብ ቤት ተቀምጦ ይህ በሽታ እንደሆነ በትዕግሥት የሚነግራት ሰው። ተመልካች ሁሉ የሚፈርደው ማጣት የሚፈራውን ሰው እያየ ነው።

መኪናው ከተቆለፈበት ግቢ ደረስን። ሻምበል ከመስታወቱ ጀርባ ለተቀመጠው ሰው መታወቂያቸውን ሰጡ፤ ልጅቷ ወረቀቱን እያነበበች አስፈረመቻቸው፤ ከፈሉና መኪናቸውን አወጡ። እዚያው ቆመን ሳለን ልጅቷ አንድ ነገር ጠየቀችን፦ «ቤታችሁ ናሎክሶን አላችሁ?» ሻምበል ሰምተውት አያውቁም፤ ከሕመም ማስታገሻ ወገን የሆነ ዕፅ መጠኑ አልፎ የጣለውን ሰው የሚያነቃ መድኃኒት ነው። እናት «ሥራ ቦታ አለ» አለች። «በትምህርት ቤታችንም ነርሷ ጋ አለ፤ ቤት ግን የለንም» አለች ልጅ።

ይህን ጥያቄ ከልጅ ጨዋታ የሚለየው ቁጥር አለ። በአሜሪካ ከ14 እስከ 18 ዓመት ካሉ ልጆች መካከል መጠን ባለፈ ዕፅ የሞቱት በ2019 492፣ በ2020 954፣ በ2021 በግምት 1,146 ናቸው። በእነዚያው ዓመታት ዕፅ የሚሞክሩ ተማሪዎች ቁጥር ግን አልጨመረም፤ በ2021 እንዲያውም በጣም ቀንሷል። ገዳዩ ፌንታኒል የተባለ እጅግ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ የፋርማሲ ክኒን አስመስለው በሚሠሩት ሐሰተኛ ክኒን ውስጥ ይቀላቅሉታል። ብልጭልጩ ድራማ ልጆቹን ወደ ዕፅ ነድቷቸው ቢሆን ኖሮ የሚሞክሩት ይበዙ ነበር። የበዛው መርዙ ነው።

በሜሪላንድ ከ2017 ጀምሮ ፋርማሲዎች ናሎክሶንን ለጠያቂው ሁሉ ያለ ግል ሐኪም ትዕዛዝ ይሰጣሉ። ስንመለስ በመንገዳችን ወዳለ ፋርማሲ ገባን። ሁለት የአፍንጫ መርጫ የያዘ ትንሽ ካርቶን ነው። ልጅቷ የፋርማሲው በር ላይ ለሻምበል አሳየቻቸው፦ የወደቀውን ሰው በጀርባው አስተኝቶ አንገቱን ቀና ማድረግ፣ ጫፉን በአንዱ አፍንጫ አስገብቶ አንዴ መጫን፣ 911 መደወል፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ካልነቃ ሁለተኛውን በሌላው አፍንጫ መድገም። ሻምበል ደግመው ጠየቋት፤ ደግማ አሳየቻቸው። «የኔ ልጅ፣ እግዜር ያሳድግሽ» አሏት።

ዕርቁ በዚሁ ተፈጸመ። እናት ኢንተርኔቱን መለሰች፤ ልጅ ድራማውን ከእናቷ ጋር እንጂ ብቻዋን እንዳታይ ተስማማች፤ ሁለቱም የጓደኛይቱን ቤት አብረው እንዲጠይቁ ተባለ፤ ጠየቁም።

የራሴን ፍርድ ግን አልሸሽግም። እናትየዋ በአንድ ነገር ትክክል ነበረች። ሁለተኛው ምዕራፍ በፌብሩዋሪ ማብቂያ ሲጠናቀቅ ሩ እስከ ትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ከዕፅ እንደራቀች የምንሰማው በትረካ ብቻ ነው፤ የአሥር ሺህ ዶላሩም ዕዳ ሳይቋጭ ያልፋል። ለሩጫዋ አንድ ሙሉ ክፍል የሰጠ ደራሲ ለማገገሟ ጥቂት ዓረፍተ ነገር መስጠቱ ያሳዝነኛል። ከሱስ መውጣት የየቀኑ አድካሚ ሥራ ነው፤ ከመውደቅ ይበልጥ ሊታይ የሚገባውም እሱ ነው። ልጆቻችን መውደቅን በየቦታው ያያሉ፤ መነሣት ምን እንደሚመስል የሚያሳያቸው ግን ጥቂት ነው።

ፌዝኮን የተጫወተው አንገስ ክላውድ በጁላይ 31፣ 2023 በ25 ዓመቱ ሞተ። አባቱን ከቀበረ ብዙም አልቆየም። በሰውነቱ ከተገኙት ዕፆች አንዱ ፌንታኒል ነበር፤ መርማሪዎቹም አሟሟቱ ሳይታሰብ የደረሰ ነው አሉ። ዜናውን የነገሩኝ ሻምበል ናቸው። «ያ የተቆጣሁበት ልጅ» አሉኝ በስልክ፤ ከዚያም እናቱ እንዴት እንደሆነች ጠየቁኝ፣ የማውቃት ይመስል።

ስለዚህ በየቤቱ ይህን ድራማም ሆነ ሌላውን ይዘው ለሚከራከሩ ወላጆች የምለው አለኝ። ያምራል፣ አያምርም፣ ያበላሻል፣ ያስተምራል ከማለታችሁ በፊት ልጃችሁን «ከዚህ ውስጥ የምታየው ማንን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የራሱ ስም ሊሆን ይችላል፤ የጓደኛውም ሊሆን ይችላል፤ ማንም ላይሆን ይችላል። የትኛውም ቢሆን ሳትቆጡ ስሙት። ናሎክሶኑንም ቤታችሁ አስገቡ፤ የተቀመጠበትንም ቦታ የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቀው።