ንቀት አንድ ዓመት ያሳስራል

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንድ አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን፣ ነጋዴውን በሙያው እየጠራህ የምትሰድብ ሁሉ ተው፤ እሱን መስደብ እኔን መስደብ ነው፤ ከእንግዲህ ሲሳደብ የተገኘ አንድ ዓመት ይታሰራል የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። ሹማምንቱ ማሰሩ ከቸገራቸው ደግሞ ተሳዳቢውን ይዘው ወደ ንጉሡ እንዲሰዱ ታዘዋል። ጃንሆይ የአገራቸውን ሹም ጠባይ አሳምረው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ተሳዳቢው ሹሙ ራሱ ከሆነ ማን ማንን ያስራል?

ይህ አዋጅ ዛሬ ሥራ ላይ ቢውል፣ መገናኛ ላይ በአንድ ጠዋት የሚለቀመውን ሰው የሚችል ወህኒ ቤት የለንም። ከሾላ እስከ ኮተቤ በቆርቆሮ አጥሮ የካን በሙሉ እዚያው በያለበት ማሰር ሳይሻል አይቀርም።

ባለፈው ክረምት ስሙን ወደማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄድኩ። የበር ጥበቃ ሰውን የሚፈትሸው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከጫማ ይጀምራል። እኔ ደግሞ የምኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ የእንጦጦ ግርጌ ነው፤ በሐምሌ የዚያ ሰፈር ሰው ጫማ ምን እንደሚመስል ላየው አይነገርም። ጥበቃው ጫማዬን አይቶ ፊቴን ማየት አላስፈለገውም።

«ወዴት ነው?»

«ጉዳይ ነበረኝ።»

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

እነማን እንደሆኑ ሳልጠይቅ ከኋላዬ ጥሩንባ ተነፋ። ጥበቃው ዘሎ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ጥቁር መስታወት ያላት መኪና ገብታ ቆመች፤ የወረደው ሹፌሩ ብቻ ነው። ወዲያው ያው ጥበቃ፣ «አንተ! እዚህ ማቆም ክልክል ነው አላልኩህም?» ብሎ ጮኸበት። ሰላምታው ለካ የመኪናዋ ነበር።

በስንት ልመና ገብቼ ፎቅ ስወጣ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ያቀረቀረው ሠራተኛ፣ ቀና ሳይል «ነገ ና» አለኝ። በዕድሜ አባቱ ባልሆን ታላቅ ወንድሙ እሆናለሁ። የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል፤ እኔ ግን ፊቱንም አላየሁት። ስልኩ ሲጠራ ግን ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ። «አቤት ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ» እያለ ለስልኩ እጅ ይነሣል። የወዲያኛው ሰውዬ ጎንበስ ቀናውን እንደማያየው የነገረው የለም። አለቅየውም በተራው ለማን ቆሞ እንደሚያወራ እግዜር ይወቀው። ንቀት በዚህ ዓይነት ከላይ ወደ ታች ሲንከባለል ይመጣና ማረፊያው በር ላይ ያለው ጥበቃ ነው፤ እሱ ደግሞ ለኔ ጫማ ያቀብለዋል። እኔም ታክሲ ስሳፈር ለረዳቱ ላቀብል ስዘጋጅ፣ «ፋዘር፣ ጠጋ በል» ብሎ ቀደመኝ። «ፋዘር» ማክበር ነው መናቅ? በ45 ዓመቴ ገና አልለየሁትም። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ግን «ማዘር» ስትባል «ወራጅ አለ!» ብላ ወርዳለች።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሰፈራችን ነገር ነው። እንጦጦ ላይ ማገዶ አልቆ፣ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ተነሥቶ እንደነበር ታሪክ ይነግረናል። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ባይደርስ ኖሮ አዲስ አበባ አዲስ አበባ ሆና አትቀርም ነበር። ያንን ባሕር ዛፍ ከጋራው ለቅመው በጀርባቸው እያወረዱ የከተማዋን ምድጃ ስንት ዘመን ያነደዱት ሴቶች ናቸው። ይህች ከተማ ለባለ መኪና ሰላምታ ስትሰጥ ለእነሱ የሰጠችው ክላክስ ነው።

አንድ ቅዳሜ እኒህን ከመሰሉ እናቶች አንዷን ከፈረንሳይ በላይ አየኋቸው። ቢመዘን ከ30 ኪሎ የማያንስ ጭራሮ ከጀርባቸው ሳያወርዱ ግንብ ላይ አስደግፈዋል፤ አርፈው መነሣት አቅቷቸዋል። እንጦጦ ፓርክ ሮጦ የሚመለስ የሚመስል፣ ጆሮው ላይ ገመድ የሰካ ጎረምሳ ሲያልፍ፣

«ልጄ፣ እስቲ አንሳኝ» አሉት።

ልጁ ስልኩን አወጣ።

«ማዘር፣ ትንሽ ቀና በይ።»

«ቀና ማለት ብችል አንተን መች እለምን ነበር?»

ከአንዱ ግቢ በር ላይ የነበረ ጥበቃ ዱላውን ጥሎ እየሮጠ መጣ። እሱ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ሆነን አቆምናቸው። መርቀውን ወረዱ። ጥበቃው ጫማዬን አላየም፤ የሱም ከኔ አይሻልም ነበር።

እንግዲህ በዚያ መንገድ የምታልፉ ሁሉ፣ ከጭራሮ ሥር «አንሳኝ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እባካችሁ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። ሁለት እጅ ይፈልጋል።