የሸኖው ጉባኤ

ሞተሩ የወንድሜ ነው፤ ጭነቱ የእናቴ ነው፤ የእኔ ድርሻ ፍርሃቱ ብቻ ነበር።

ወንድሜ ደብረ ብርሃን ሥራ ይዞ ከሄደ በኋላ «ቅዳሜ ሞተሬን ነድተህ አምጣልኝ» ብሎ ደወለ። እናቴ ይህን እንደ ሰማች ጓዳ ገባች፤ የወጣችው ዓርብ ማታ ነው። 25 ኪሎ ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬና አንድ ከረጢት ድርቆሽ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ከኋላ ፖርቶ መጋላው ላይ ታሰረ። «እማዬ፣ ደብረ ብርሃንም እኮ ገበያ አለ» ብላት «የዚያ በርበሬ ሌላ ነው» አለችኝ። የዚያም የዚህም በርበሬ ከአንድ አላባ እንደሚመጣ ለመንገር ልቤ አልደፈረም።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ለገጣፎን፣ ከዚያም ሰንዳፋን በሰላም አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ የሸዋ ሜዳ ይዘረጋል፤ ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ አፍንጫ ደግሞ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ይፈሳል። በ70 ስነዳ ቆይቼ ጋዙን ለቀቅ አደረግኩና አፍንጫዬን ልጠርግ ግራ እጄን ከመሪው አነሳሁ። የፍጥነት መለኪያው ወደ 60 ዝቅ ሲል መሪው እስክስታ ጀመረ።

እስክስታ የምለው ለማሳመር አይደለም። ባለ 21 ኢንች የፊት ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ሜትር ከትንሽ ይሄዳል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ እንግዲህ በሰከንድ ስምንት ጊዜ ያህል ይዞራል። መሪም የራሱ የመወዝወዝ ልክ አለው፤ በሰከንድ ከአራት እስከ አሥር ጊዜ ባለው ውስጥ ነው የሚያርፈው። ጎማው በአንድ ወገን ከከበደ ወይም ተበልቶ ከጎረበጠ፣ በዞረ ቁጥር መሪውን ጎሸም ያደርገዋል። ጉሽሚያው ከመሪው ልክ ጋር እስኪገጥም ማንም ልብ አይለውም። የገጠመ ጊዜ ግን ከበሮው ትከሻውን አገኘ ማለት ነው። በ50ም በ70ም ጨዋ ሆኖ በ60 የሚያብደው ለዚህ ነው።

እንዲህ ሲሆን መሪውን ሳያንቁ በሁለት እጅ ላላ አድርጎ መያዝ፣ ደረትን ወደ ፊት ማስጠጋት፣ ፍሬን ሳይነኩ ጋዙን ቀስ እያሉ መመለስ ነው። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። በሰዓቱ ያደረግኩት መሪውን ኪሴ የገባ ሌባ ይመስል ማነቅ፣ ፍሬን መያዝና ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ መሳል ነበር። የምንቀጠቀጠው እኔ ልሁን መሪው ሳይለይ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ጃንጥላው እስካሁን ዕዳዬ ነው።

ከ50 ሳላልፍ እየተጎተትኩ ሸኖ ገባሁ። የሸኖን ለጋ ቂቤ የማያውቅ የለም፤ የሸኖን ጎሚስታ ግን እኔ አውቀዋለሁ። ጎማውን ገና ከሩቅ ሲያየው «ጎማ ነው» አለ። ሌላ ምን ይበል? ቢሆንም ዝም ብሎ ያለው አይደለም። መዳፉን በጎማው ላይ ወደ ፊት ሲያስኬደው ለስላሳ ነው፤ ወደ ኋላ ሲመልሰው ይጎረብጣል። የእኔንም እጅ ይዞ አስነካኝ። ቀጥሎ ካቻቢቴ አነሳና የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ መታ መታ አደረጋቸው። የተወጠሩት ጥርት ብለው ሲጮኹ ሁለቱ እንደ ረገበ የክራር ክር ድምፃቸው ሞተ።

ካቻቢቴ ስል ትዝ አለኝ። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከአገር ተባሮ ወጣ ይባላል፤ ከጋራዥ ግን አልወጣም። ጎሚስታ፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ እያለ ዛሬም እጁን በግራሶ እየነከረ እዚያው አለ።

ነጠላ ጫማ የተጫማ የከባድ መኪና ሹፌር ሻዩን ይዞ ብቅ አለ። «የምን ጎማ! የመሪ ኩሽኔታ ነው» አለና ሁለት ጎረምሶች አዝዞ፣ ሞተሩን ከሆዱ በኩል ድንጋይ ላይ አስደግፎ የፊት ጎማውን ከመሬት አነሳው። የሹካውን ታች ጨብጦ ወደ ራሱ ሳብ፣ መልሶ ገፋ ሲያደርገው ከመሪው ሥር «ቋ» አለ። «ሰማህ?» ሰማሁ። እስካሁን ከተናገሩት ሁሉ ማስረጃው የጮኸለት እሱ ብቻ ስለሆነ ልቤ ወደ እሱ አደላ።

ቂቤያቸውን ሸጠው ወደ ቤት የሚመለሱ አንድ አባት ግን የሞተሩን ፊትም አላዩት፤ የሚያዩት ጭነቱን ነው። «ልጄ፣ ይህን ለአህያ ብትጭን ወገቧን ይዛ ትተኛብህ ነበር። ጭነት እንዲህ ጭራ ላይ ይታሰራል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከኋላ ጎማ አልፎ የተንጠለጠለ ክብደት ፊቱን ያቀለዋል፤ ፊቱ የቀለለ ሞተር ደግሞ ለመንቀጥቀጥ ሰበብ አያጣም። እናቴን ማማት ስለሆነብኝ ዝም አልኩ።

አንድ ጡረታ የወጡ ወታደር ሁሉንም እስከ መጨረሻው አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «ሞተሩ ምንም አልሆነም። የምትንቀጠቀጠው አንተ ነህ።»

የእንዲህ ያለ ምርመራ ሕጉ አንድ ነው፤ አንድ ነገር ትነካለህ፣ ትነዳለህ፣ ታያለህ። ጠፋ? ምክንያቱን አገኘህ። አልጠፋም? ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። እኔም ይህን ለማስረዳት «እባካችሁ፣ መጀመሪያ ጎማው ብቻ ይነፋና ልሞክረው» አልኩ። ሁሉም «ልክ ነህ» አሉኝ። ሸኖ ላይ «ልክ ነህ» ማለት «ዝም በል» ማለት መሆኑን የተረዳሁት ዞር ስል ነው። ጎሚስታው ሽቦዎቹን እያጠበቀ ነው፤ ሹፌሩ የላይኛውን ዳዶ ፈትቶ የታችኛውን ቀለበት በካቻቢቴና በመዶሻ እየመታ ያጠብቃል፤ አባት ገመዱን ፈትተው ማዳበሪያውን ከወንበሩ ጋር አጣብቀው በራሳቸው ቋጠሮ እያሰሩ ነው፤ ወታደሩ ደግሞ ትከሻዬን ይዘው «ላላ በል፣ ላላ!» እያሉ ይወዘውዙኛል።

ነዳሁት። 70 ደርሼ ጋዙን ለቀቅኩ፤ 65፣ 60፣ 55። ግራ እጄን አነሳሁ። መሪው እንደ መነኩሴ ጭምት ሆኗል።

ስመለስ ጉባኤው በጭብጨባ ተቀበለኝና ወዲያው ተጣላ። «ጎማ ነው አላልኩም?» «ኩሽኔታ ነው እንጂ!» «ጭነቱ ነው፣ ልጄ።» ማን እንደፈታው እንዲለይ አንዱን መልሰን እናላላውና እንየው ብዬ ነበር፤ እንደ ከሃዲ አዩኝ። የጎሚስታውን ሒሳብ ከፈልኩ፤ የሌሎቹን ሻይ ከፈልኩ፤ ክብሩን እኩል አካፍዬ ወጣሁ።

ጫጫ ከተማ መሐል ፍጥነቴን ስቀንስ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ መሄድ እምቢ አለ፤ እንደ ጠላ ቤት ደንበኛ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይላል። ሹፌሩ በከባድ መኪና ክንዱ አጥብቆት ኖሯል። የላላ የመሪ ኩሽኔታ ሲያንቀጠቅጥ ከልክ በላይ የጠበቀው ደግሞ መሪውን አንቆ በቀስታ ጉዞ ያንገዋልላል። እዚያ ከተማ መሐል መቆም ሁለተኛ ጉባኤ መጥራት ስለሆነ አላደረግኩትም። ከከተማው ወጥቼ፣ ግራ ቀኙን አይቼ፣ ነፍስ በሌለበት ሜዳ ቆምኩ። ከወንበሩ ሥር መፍቻ አውጥቼ ዳዶውን አላላሁና ቀለበቱን በድንጋይ መታ መታ አድርጌ ሩብ ዙር ያህል መለስኩት። ቀና ስል ጅራፉን አንገቱ ላይ የጠመጠመ እረኛ አጠገቤ ቆሟል። ከየት እንደበቀለ እንጃ።

«ጋሼ፣ ጎማው ነው» አለኝ።

ደብረ ብርሃን ስደርስ የወንድሜ አከራይ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ስኒውን ስቀበል ከማስቀመጫው ጋር ተንጫጫ። «ውይ ልጄ፣ እጅህ! ብርድ ነው» አሉ። ጎረቤታቸው «የምን ብርድ፣ የቡና ሱስ ነው እንጂ» አለች። ሌላዋ ዓይን መሆኑን ጠርጥራ ቤት ውስጥ ጤና አዳም ይኖር እንደሆነ ጠየቀች። ወንድሜ የእናታችንን ማዳበሪያ ከመፍታት ቀና ሳይል ፈገግ አለ።

«60 ላይ ነው አይደል የሚጀምርህ?»