የዱቦ አድራሻ

ወላይታ ውስጥ ያለው ዱቦ ከተቀመጠበት ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። የሚንከራተተው ከበላዩ የሚጻፈው ነው። ወላይታ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር ሳለ የተወለደ ጎልማሳ ትምህርቱን በሰሜን ኦሞ ዞን ጨረሰ፤ በ1993 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን ልጆቹን ወለደ፤ ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ነዋሪ ነው። ከአጥሩ ሳይወጣ አራት ቦታ ኖሯል። ማስረጃዎቹን ደርድሮ መስኮቱ ጋ ሲቆም ጸሐፊዋ ቀና ትልና «ከየትኛው ነህ?» ትለዋለች።

የኮምፒውተር ሰዎች ይህ ጣጣ ቀድሞ ገብቷቸዋል። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤክስ 500 የተባለው ደንብ፣ ኋላም ቀለል ያለው ኤልዳፕ፣ የኔትወርክ ማውጫን እንደ ዛፍ ይተክሉታል፤ አገር፣ ክልል፣ መሥሪያ ቤት፣ እያለ እስከ ግለሰቡ ይወርዳል። አንድ ክፍል ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሲዛወር በድሮ ቦታው ኤሊያስ የሚባል ጠቋሚ ይተዉለታል (የሰፈራችሁ ኤሊያስ አይደለም)። ኤሊያስ የራሱ ጓዝ የለውም፤ «የምትፈልገው እዚያ ነው» ብሎ ይጠቁማል፣ በቃ። ስልክ ቢቀየር ዋናው መዝገብ ላይ አንዴ ይታረማል።

እኛ ግን ጥቆማ አይጥመንም፤ ኮፒ ነው የምንወደው። የበላዩ ስም በተቀየረ ቁጥር አዲስ ፋይል፣ አዲስ ጉርድ ፎቶ፣ «ከዋናው ጋር የተገናዘበ» የሚል አዲስ ማኅተም። ጥቆማ የጀመርን ዕለት ደግሞ ወረዳው ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ቀበሌ፣ ቀበሌው መልሶ ወደ ወረዳ ይሰዳል። ኤልዳፕ እንዲህ ያለ አዙሪት ሲገጥመው «ስህተት 54» ብሎ ይገላግላል። የኛው «ነገ ተመለስ» ነው።

አሁን ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ ብልሃቱን ይዞ መጥቷል፦ ባለ 12 አሃዝ ዋና ቁጥር፣ በእሱ ፈንታ የሚሰጥ ደግሞ ፋን የተባለ ባለ 16 አሃዝ ተለዋጭ። ተለዋጩ ዋናውን ለመሸፈን የመጣ ነው። ታዲያ ፎቶኮፒ ቤት ብትቆሙ ክርክሩን ትሰማላችሁ፦ «16ቱ ይሻላል፣ ይረዝማል»፤ «ለማንኛውም ሁለቱንም ጻፍላቸው»። ተጽፎ፣ ፊትና ጀርባው ተነስቶ፣ በቴሌግራም ይላካል።

እባካችሁ፣ መስኮቱ ጋ ያላችሁ፦ ተለዋጩ ከበቃችሁ ዋናውን አትጠይቁ። ባለጉዳዮችም፣ ካልተጠየቃችሁ አትስጡ።